በክርስትና ስማችን ጻፊን

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2002 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን ዛሬም ከመኪና ስወርድ ዞር ብዬ መቀመጫዬን ሁለት ጊዜ ሳላይ አልሄድም። አብረውኝ የሚጓዙ ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። እንደዚያ ሐሙስ የደነገጥሁበት ቀን የለም፤ እንደዚያ ሐሙስ እፎይ ያልሁበት ቀንም የለም።

ያን ጊዜ ደባርቅ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተማሪ ነበርሁ። በየክረምቱ ጎንደር እየሄድሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥሁት ርእስ በአካባቢያችን ሴቶች ባል ሚስቱን መምታቱን ለማስቆም ያደረጉት ትግል ታሪክ ነበር። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ወንዶቹ ሳቁ። «ሚስት መምታት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» አለኝ አንዱ፣ የጂኦግራፊ መምህር። እኔ እልኸኛ ነኝ። ርእሱን ልቀይር አስቤ እንኳ ቢሆን ከዚያ ቀን በኋላ አልቀይረውም ነበር።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ መሥሪያ ቤቶች ነው። አቧራ የጠጣ ፋይል አንድ በአንድ አገላበጥሁ። ሁሉም «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ይላል። ማን ፈጠረው? ለማን? የተፈጠረለት ሰው ከዚያ በኋላ ሚስቱን መምታት ተወ ወይ? አይልም። በመጨረሻ ፋይሉን የምታወጣልኝ ሠራተኛ አዘነችልኝና፣ «እህቴ፣ እዚህ ዓይንሽን ከምታጠፊ እማማ ጠጂቱ ዘንድ ሂጂ። እሳቸው ይህ ቢሮ ሳይከፈት በፊት ነው የጀመሩት» አለችኝ።

እማማ ጠጂቱ የሚኖሩት በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከዋናው መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። የቀበሌዋን ስም ልተወው። የሰዎቹንም ስም ቀይሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

እማማ ጠጂቱ አጠር ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ሰው ላይ መቀለድ የሚወዱ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ነገሩ የጀመረው ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው እርግጠኛ አልነበሩም። የሴቶቹ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ነበሩ። ማኅበሩ ወር በገባ በሃያ አንድ ይጠጣል፤ ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይዞራል። አንድ ወር ተራዋ የደረሰ ማኅበርተኛ ፊቷን በነጠላ ጥምጥም አድርጋ አስተናገደቻቸው። ጥርሴን አሞኝ ነው አለች። ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ነጠላው ሸርተት አለ። መንጋጋዋ አብጦ ጠቁሯል። ሁሉም አዩ፤ ሁሉም እንዳላዩ ሆኑ። ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ።

«እኔም ጠጥቼ ሄድሁ» አሉኝ እማማ ጠጂቱ። «ቤቴ ገብቼ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። የእመቤቴን ጽዋ በዚያ ቤት ጠጥቼ አፌን ጠርጌ መውጣቴ!»

በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኞቹን ሰብስበው አንድ ደንብ አወጡ። ሴት በተመታችበት ቤት ጽዋ አይገባም። ባልየው ሽማግሌ ይዞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ በማኅበርተኞቹ ፊት ሁለተኛ እጄን አላነሣም እስኪል ድረስ ያ ቤት ይታለፋል።

ደንቡ መጀመሪያ የወደቀው በቀበሌው ባለጸጋ ላይ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ሴቶቹ አጥሩ በር ድረስ መጡና ቆሙ። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ። ሚስቲቱም ነጠላዋን አንሥታ ተከተለቻቸው። ሄደው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ጠጡ። ሰውየው በኀፍረት ከመሞት አይሻልም። የደብሩ ካህን ቄስ ዘውዱ ደግሞ፣ ያኔ ገና ወጣት ናቸው፣ በቁጣ ወጡ። «ጽዋ መከልከል ማን ሥልጣን ሰጣችሁ?» ብለው ሊያወግዟቸው ምንም አልቀራቸውም። ሴቶቹ አልመለስ አሉ። በሚቀጥለውም ወር፣ ከዚያም በኋላ፣ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ እየወረደባቸው ወይራው ሥር ጠጡ። በመጨረሻ ባለጸጋው ሽማግሌና ዋስ ይዞ መጣ።

ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። የጂኦግራፊው መምህር እዚያ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት ያህል ተመላለስሁ። እማማ ጠጂቱ እያገናኙኝ አሥራ አንድ ሴቶችን አነጋገርሁ። ሁሉንም የምጽፈው በአንድ ሰማያዊ ሽፋን ባለው ደብተር ነው። በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዬን ሳወጣ እማማ ጠጂቱ እጄን ያዙኝ።

«በክርስትና ስማችን ጻፊን» አሉኝ። «ሰው ደብተርሽን ቢያገኘው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የክርስትና ስማችንን የምናውቀው እኛው ማኅበርተኞቹ፣ የነፍስ አባታችንና ፈጣሪ ነን። ባሎቻችንማ ረስተውታል፤ የዓለሙን ስማችንንም ከጠሩን ስንት ጊዜያቸው!»

ሐሳባቸው ግሩም ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ሴቶች ሦስቱ ወለተ ማርያም ሆነው ተገኙ። «ወለተ ማርያም ረጅሟ»፣ «ወለተ ማርያም ሳቂታዋ» እያልሁ ለየኋቸው። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሁሉንም የክርስትና ስም ብቻ ከላይ ወደ ታች በዝርዝር ጻፍሁ።

አሥራ ሁለተኛዋ ይታይሽ ነበረች። ይታይሽ ማኅበርተኛ አይደለችም። ባሏ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነው፤ ደንቡን ያውቃልና ማኅበር እንዳትገባ ከልክሏታል። ጽዋ ወደ ቤቱ ካልመጣ ጽዋ የሚከለክለው የለም። ብልጠቱ ያናድደኛል፤ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል። በውጭ ሲታይ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ከቄስ ዘውዱ አይለይም፤ ንስሐ አባቱም እሳቸው ናቸው።

አንድ ረቡዕ ወደ ዋናው መንገድ ስወርድ ይታይሽ እህል ተሸክማ ወደ ወፍጮ ስትሄድ መንገድ ላይ ያዘችኝ። ሸክሟን ሳታወርድ ቆማ ነገረችኝ። አንድ እጇ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ጠምሞ ነው የዳነው። ቅዳሜ ገበያ የምትሄድ መስላ ከእማማ ጠጂቱ ጋር ዳባት ትወርዳለች፤ ለፖሊስ ክሷን ታቀርባለች፤ ከዚያ ወደ ቤቷ አትመለስም። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወንድም አላት፤ መጥቶ ይወስዳታል።

«ቀድሞ ከሰማ ግን አልወጣም» አለችኝ። «ከበሩ ሳልወጣ ነው የሚገድለኝ።»

ይህን ያለችው ሳታለቅስ ነው። እኔ በጥድፊያ እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ወንድሟን፣ ሁሉን። የክርስትና ስሟን ልጠይቃት ስል ከታች ሰው መጣና ሳትሰናበተኝ ሄደች። ገጹ ላይ «ይታይሽ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቤት ስገባ እሰርዘዋለሁ አልሁ። አዎ፣ ሞኝ ነኝ።

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ዶሮ ታቅፈዋል። ዶሮዋ እንደሆነ እንጃ፣ ሰማያዊ ነገር አትወድም መሰለኝ፣ ደብተሬን በተቀመጥሁበት በአፏ ትጠቀጥቀዋለች። ከጭኔ አንሥቼ በጀርባዬና በመቀመጫው መካከል ሸጎጥሁት። ደባርቅ መናኸሪያ ስደርስ ዶሮዋን እየሸሸሁ ወረድሁ። ደብተሩ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅሁ በኋላ ነው።

ወደ መናኸሪያው እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። ሚኒባሱ ወደ ዳባት ተመልሷል። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ማለዳ ትምህርት ቤት አሞኛል ብዬ ላክሁና መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሩን ጠበቅሁት።

«ሰማያዊ ደብተር? አዎ፣ ተገኝቷል» አለኝ ሾፌሩ፣ ፈገግ ብሎ። «ስንመለስ አንዲት እናት አገኙት። ገለጥ አድርገው ሲያነቡት፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ ወለተ ሥላሴ… ይኼማ የጸሎት ዝርዝር ነው፤ የነፍስ ስም መኪና ላይ አይጣልም፤ ለካህን ልስጠው ብለው ይዘውት ወረዱ።» የወረዱበትን ቦታ ነገረኝ። የእማማ ጠጂቱ ቀበሌ መገንጠያ ነው። እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው፤ ካህኑም ቄስ ዘውዱ ናቸው።

«አይዞሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል» አለኝ ሾፌሩ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ከሰው ሁሉ መርጦ ደብተሬ የሄደው ሴቶቹን ሊያወግዙ ከነበሩት ቄስ ዘንድ ነው። የይታይሽን ባል ንስሐ ከሚቀበሉት ሰው ዘንድ ነው። ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ገና አልደረሰም።

ያን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በአንድ ሰዓት ጨረስሁት። እማማ ጠጂቱ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ገና ሳልናገር እሳቸው ቀደሙኝ።

«ዛሬ በኪዳን ስሜ ተጠራ» አሉኝ። «የኔ ብቻ መሰለሽ? የማኅበርተኞቼ ሁሉ! በጸሎት አስቧቸው ብለው ቄስ ዘውዱ አንድ በአንድ ጠሩን። ወለተ ማርያም ሦስት ጊዜ ተጠራች። ምን ያለ ቸር ሰው ነው ያሳሰበን ስንባባል ነው የመጣነ።»

እኔ አለቀስሁ። እያለቀስሁ ነገርኋቸው፤ ስለ ዶሮዋም፣ ስለ ይታይሽ ገጽም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እማማ ጠጂቱ እንዝርታቸውን አስቀመጡ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ፣ ዱላቸውን አነሡ።

«ተነሺ» አሉኝ። ሌላ አላሉኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሊደርስ ሲል ከፊት ለፊታችን አንድ ሰው መጣ። የይታይሽ ባል ነው። ቆመና ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን።

«ወደ አባ ናችሁ? እኔም ከሳቸው ዘንድ ነው የመጣሁ። አስጠርተውኝ ነበር» አለ። እየሳቀ ነው። ሳቁ የምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። እማማ ጠጂቱ «እንዴት ዋልህ» ብለው አለፉት። ዞሬ አየሁት፤ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ይታይሽ ወዳለችበት።

ቄስ ዘውዱ ወይራው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸው ሸብቷል። መስቀላቸውን ተሳለምን። «ይፍቱኝ አባ» አልሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝና ተቀመጡ አሉን። ከዚያ ካጎዛው ሥር ሰማያዊውን ደብተር ስበው አወጡ።

«ሰውየው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያወራ እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬበት ነበር» አሉ። «ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው አባ።»

«እውነት የጸሎት ዝርዝር መስሎኝ ጠዋት ስማቸውን ጠራሁ። የቀረ ስም አለ ወይ ብዬ ገጹን ብገልጥ…» ደብተሩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ሁሉን አላነበብሁም። የመጨረሻውን ግን አንብቤዋለሁ። ስም ተጽፎበት አየሁና አነበብሁት።»

እማማ ጠጂቱ ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ። «አባ፣ ለሰውየው ነገሩት?»

«እሱንማ ለምን እነግረዋለሁ!» አሉ ቄስ ዘውዱ፣ እንደ መቆጣት ብለው። «ያስጠራሁት ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነውና ሰንበት አያግደንም፤ ቅዳሜ ቆላ ወርደን እንጨት እናመጣለን፤ አንተ ካልመጣህ ሥራው አይሠራም አልሁት። ደስ ብሎት ሄደ። ገና ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን፤ ሳይመሽ አንመለስም።»

ለጊዜው ሁለታችንም አልገባንም። እማማ ጠጂቱ ናቸው ቀድመው የገባቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ያዙ።

ቄስ ዘውዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ያቺ ልጅ የነገረችኝን አልነግርሽም፤ የንስሐ ነው። የመለስሁላትን ግን ልንገርሽ። ሁለት ጊዜ ታገሺ ልጄ ብያታለሁ። ሁለተኛውን ስላት እጇ በጨርቅ ታስሮ ነበር።» ዓይናቸውን ወደ ወይራው አነሡ። «እነዚህ ሴቶች እዚህ ሥር በዝናብ ሲጠጡ እየተቆጣሁ ነበር የማያቸው። በሦስተኛው ወር ግን ቁጣዬ አለቀ። ወጥቼ ጽዋውን ባረክሁላቸው።»

«በአራተኛው ነው አባ» አሉ እማማ ጠጂቱ።

«በሦስተኛው ነው።»

«በአራተኛው ነው። በሦስተኛው እንደ ተቆጡ ነበሩ።»

«እንግዲህ ሙሴዋ ካለች አራተኛው ይሁን» አሉ ቄስ ዘውዱ፤ ሳቁም። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ ገና ሳይደርቅ።

ደብተሩን ተቀብዬ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። «ይታይሽ» የሚለውን ፈለግሁ፤ የለም። ስሟን በጻፍሁበት ቦታ ሁሉ በወፍራም ጥቁር ቀለም ተሰርዟል፤ በእኔ እስክሪብቶ ሳይሆን እሳቸው ድጓ በሚጽፉበት፣ ቤት ውስጥ በተበጠበጠ ቀለም። ከእያንዳንዱ ስርዝ በላይ በተስተካከለ የቤተ ክህነት ጽሕፈት «ወለተ ጊዮርጊስ» ይላል። አራት ቦታ።

«አሥራ አንዱን ሸፍነሽ አንዷን ራቁቷን ትተሻት» አሉኝ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።»

«አላደርግም አባ» አልሁ። እስከ ዛሬም አላደረግሁም።

ቅዳሜ ወንዶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ ቆላ ወረዱ። ይታይሽና እማማ ጠጂቱ ቅርጫት ይዘው ወደ ገበያ ወጡ። እኔ ዳባት ቀድሜያቸው ቆሜ ነበር። ከሩቅ ሁለቱን ሳያቸው፣ አንዷ አጭር አንዷ ቀጭን፣ ልቤ ከሐሙስ ጀምሮ ተንጠልጥሎ ከቆየበት ወደ ቦታው ተመለሰ። ክሷ ተጻፈላት። ወንድሟ መጣ። አብረው ሲሄዱ ዞር ብላ በጠመመው እጇ ሰላም አለችኝ። ባልየው ማታ እንጨቱን ተሸክሞ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ለፍርድ ቀረበ፤ ተፋቱም። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ እሱን አልተርክም።

ጽሑፌን ጨርሼ ስከራከር አንዱ ፈታኝ፣ «እነዚህ ስሞች እውነተኛ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከእውነተኛም እውነተኛ» አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ደባርቅ ስመለስ የጂኦግራፊው መምህር ቅጂውን ተውሶ ለሁለት ወር አልመለሰልኝም። ሚስቱ እያነበበችው ነው አለኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ይታይሽ ናት። «አስተማሪ፣ የፊታችን ሃያ አንድ ጽዋው እኔ ቤት ነው። ሳትቀሪ» አለችኝ። ከደባርቅ መካነ ብርሃን በአይሱዙ ተቀጥቅጬ ሄድሁ። የራሷ ሁለት ክፍል ቤት ነበራት። ሴቶቹ ጽዋውን ይዘው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። አልገቡም። ደነገጥሁ። ከዚያ ሙሴያቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከበሩ ላይ ሆነው ጠየቁ።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዚህ ቤት የተመታች ሴት አለች?»

ለካ ይታይሽ የእማማ ጠጂቱን ደንብ ይዛ ሄዳ ነበር። እዚያም ተቀብለውት፣ ከመግባታቸው በፊት መጠየቅን የራሳቸው አድርገው ጨምረውበታል።

«የለችም» አለች ይታይሽ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ግቡ።»

ያን ሐሙስ በአእምሮዬ ይዤው የቆየሁት በድንጋጤው ነበር። አሁን ሳስበው የሚመጣብኝ የሴቶቹ እግር በዚያ ደፍ ላይ ተራ በተራ ሲያልፍ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ገባሁ።